ውጤት በወጣ ሰዓት

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ቀረብ በሉና ስሙኝ። የማወጋችሁ የጥንት ነገር አይደለም፤ በጥር 2015 ዓ.ም. የሆነ ነው፤ ቦታውም እዚሁ ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ ዳር ነው። ጥምቀት አልፎ፣ ታቦታቱ ወደየመንበራቸው ገብተው፣ ከየአገሩ የመጣው እንግዳ ተሸኝቶ፣ ከተማዋ ከበዓሉ ድካም ገና በማረፍ ላይ ሳለች፣ ጥር 19 ቀን፣ ዕለቱ አርብ፣ የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ጋዜጠኞችን ሰብስበው የ12ኛ ክፍልን ፈተና ውጤት ይፋ አደረጉ። 896,520 ልጆች ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው አሉ፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። ይህ ቁጥር በየቤቱ ሲሰማ የወላጅ ሆድ እንዴት እንደሆነ እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

ልጆቹ ፈተናውን የተቀመጡት እንደ ድሮው በየትምህርት ቤታቸው አልነበረም። ጓዛቸውን ሸክፈው፣ ከቤተሰብ ተለይተው፣ በየተመደቡበት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው የተፈተኑት። ከተመለሱም በኋላ ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፣ እህል ታጭዶ ተወቃ፣ ገና መጣ፣ ጥምቀት መጣ፣ ውጤቱ ግን አልመጣም ነበር። እንዲህ ያለ ረጅም ጥበቃ ነው በአንዲት ሰዓት ውስጥ የፈነዳው።

በእኛ ሰፈር ያረፈች አንዲት ልጅ ነበረች፤ ስሟን አልጠራውም። አገሯ ጃናሞራ ነው። ውጤቱ ሊወጣ ነው የሚለው ወሬ ሲሰማ፣ ያገሯ ኔትወርክ አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን የሚጠፋ መሆኑን ታውቃለችና፣ ከመካነ ብርሃን በጭነት መኪና ተሳፈረች፤ ከዚያም ቧሂትን በውርጩ አቋርጣ፣ ጨነቅንና ሳንቃ በርን አልፋ፣ ደባርቅ ገብታ አደረች፤ ከዚያም በማግሥቱ በዳባት፣ በአምባ ጊዮርጊስ አድርጋ፣ የወገራ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባባት፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ አክስቷ ዘንድ ጎንደር ደረሰች። ይህ ሁሉ መንገድ አንድ ቁጥር ለማየት ነው።

ያን ዕለት ማታ አክስቲቱ ቡና አቀራረበች፤ እኛም ጎረቤቶች ተሰበሰብን። ልጅቱ የመለያ ቁጥሯን የጻፈችበትን ብጣሽ ወረቀት ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ አወጣች። ፓኬጅ ገዛች፣ ዳታ አበራች፣ ቁጥሩንም አንድ በአንድ መታች፤ እንዳትሳሳት አክስቷ ከወረቀቱ ላይ ጮክ ብላ ታነብላት ነበር። ከዚያም ስክሪኑን ነካችው፤ ከዚያም ያቺ የምታውቋት ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። ልጅቱ እንደገና ነካችው። አሁንም ዞረች። ኔትወርኩ ይሁን፣ ስልኩ ይሁን፣ ከዚያ ማዶ ያለው ማሽን ይሁን፣ ከቀሐ ሆነን የምንለየው አልነበረም።

አስቡት እንግዲህ። በዚያች ደቂቃ ከመተማ እስከ ሞያሌ፣ ከጋምቤላ እስከ ጅግጅጋ ያ ሁሉ ልጅ ይህንኑ ያደርጋል። የአንዱን ልጅ ውጤት የሚጠብቀውም ልጁ ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩን የያዘ ወንድም አለ፣ አጎት አለ፣ ዐረብ አገር ሆና የትምህርት ቤት ወጪውን የላከች እኅት አለች፤ ሁሉም በየስልኩ ይነካል፣ ሲዘገይበትም ደግሞ ይነካል።

የወንድሜ ልጅ አጠገቤ ነበር። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ተመርቆ ሲስተም በመሥራት የሚተዳደር ልጅ ነው። ቀስ ብሎ ወደ ልጅቱ ጠጋ አለና፣ «እኅቴ፣ ደጋግመሽ አትንኪው» አላት። «ሁለተኛ ስትነኪው የፊተኛው ጥያቄሽ ብዙ ጊዜ አይሰረዝም፤ እሱም እዚያው ተራ እየጠበቀ አዲሱ ይጨመርበታል። በይ በ6284 በአጭር መልእክት ላኪና እንጠብቅ።» ላከች፤ ጠበቅን። ሁለተኛው ቡና ወርዶ ሳይጠጣ መልሱ መጣ። ስንት እንዳመጣች አልነግራችሁም፤ የእሷ ነው።

ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ግን የወንድሜን ልጅ ይዤ ተቀመጥኩ። ይህ ነገር የግድ እንዲህ መሆን አለበት ወይ? ብዬ ጠየቅሁት። «የለበትም ጋሼ» አለኝ፤ ከዚያም ሌሊቱ እስኪገፋ ድረስ ያወጋኝን ነው አሁን ለእናንተ የማወጋው።

ውጤቱ የተቀመጠው ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ልጅቱ ቁጥሯን ስትልክ ማሽኑ ከ896,520 መዝገቦች መካከል የእሷን ፈልጎ ማውጣት አለበት። የመለያ ቁጥሩ ኢንዴክስ ካልተሠራለት፣ ማሽኑ ከመጀመሪያው መዝገብ ተነሥቶ አንድ በአንድ እያነበበ ይሄዳል፤ የእሷ መጨረሻ ላይ ከሆነ ሁሉንም አንብቦ ነው የሚደርስባት፤ ከዚያም ለቀጣዩ ልጅ ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ኢንዴክስ ካለው ግን ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ተደርድረዋልና መካከሉን ያያል፤ የምፈልገው ከዚህ ይበልጣል ወይስ ያንሳል ይላል፤ ግማሹን ይተዋል፤ የቀረውን ደግሞ ለሁለት ይከፍላል፤ እንዲህ እያለ ቢበዛ በ20 ጊዜ ከፈላ ይደርስበታል። ልዩነቱን አያችሁት? ወደ ዘጠኝ መቶ ሺህ ንባብ በአንድ ወገን፣ ሃያ በሌላ ወገን። የዛሬዎቹ ዳታቤዞች የሚጠቀሙበት ቢ ትሪ የሚባለው አደራደር ደግሞ ከዚህም አሳጥሮ በሦስት በአራት ንባብ ያደርሰዋል። ሩዶልፍ ባየርና ኤድዋርድ ማክራይት የሚባሉ ሰዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970 ግድም ቦይንግ ኩባንያ ውስጥ ሲሠሩ ያፈለቁት ነው። ለአውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ የታሰበ ነገር ዛሬ የጃናሞራን ልጅ ውጤት ያወጣል። እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ አልደብቃችሁም።

ከዚያም የግንኙነት ነገር አለ። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ባለቤቱ ካልቀየረለት በቀር በአንድ ጊዜ ከ100 ግንኙነት በላይ አይቀበልም፤ ማይኤስኪውኤል የተባለው ደግሞ 151። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንዲት ደቂቃ ሲመጣ መቶው ይገባል፣ የቀረው ስሕተት ይባላል። ታዲያ ቁጥሩን አሥር ሺህ አድርጎ መገላገል ነው? አይደለም፤ እያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን ሜሞሪ ይበላልና ማሽኑ ራሱ ይወድቃል። የሚሻለው ጥቂት ግንኙነቶችን ከፍቶ፣ ጥያቄዎቹን በሥርዓት አሰልፎ፣ አንዱ ሲጨርስ ሌላውን በዚያው ግንኙነት ማስተናገድ ነው። ኢንዴክስ ያለው ጥያቄ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ግድም ቢወስድ ነው፤ ስለዚህ ሰልፉ ረጅም ቢሆንም ይፈጥናል።

የብዙ ሕዝብን ጭነት ቀድሞ የቀመሰ ሰው ታሪክም ነግሮኛልና፣ አሁን ደግሞ ራቅ ወዳለ አገር ልውሰዳችሁ። በአሜሪካ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999፣ ብራድ ፊትዝፓትሪክ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረ። ለጓደኞቹ የዕለት ውሎውን የሚነግርበት ላይቭጆርናል የተባለ ድረ ገጽ ሠራ። ጓደኞቹም የራሳቸውን ውሎ ጻፉበት፤ የጓደኞቹ ጓደኞችም መጡ፤ ከዚያም የማያውቃቸው ሰዎች በብዛት መጡ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር በአንድ ኮምፒውተር ላይ ነበረ። ሲከብደው ዳታቤዙን ለብቻ፣ ገጹን የሚያሳየውን ለብቻ አደረገ። ገጽ የሚያሳዩትን ማብዛት ቀላል ነበረ፤ ሁለት ሦስት እያለ ጨመረ፤ ሁሉም ግን የሚጠይቁት ያንኑ አንድ ዳታቤዝ ነውና ጭነቱ እዚያ ተከመረ።

ከዚያም የዳታቤዙን ቅጂ አበጀ። መጻፍ ወደ ዋናው ብቻ ይሄዳል፣ ማንበብ በቅጂዎቹ ይከፋፈላል። ለጊዜው ተነፈሰ። ነገር ግን፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ በዋናው ላይ የተጻፈ ሁሉ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይም እንደገና መጻፍ አለበት። ሰው እየበዛ ሲሄድ የሚጻፈው በዛ፤ ቅጂዎቹም የንባብ ሥራቸውን ትተው ቀኑን ሙሉ ዋናው የጻፈውን በመገልበጥ ተጠመዱ። አሥር ቅጂ ቢጨምርም አሥሩም ያንኑ ይገለብጣሉ። ብራድ ከዚህ ሲደርስ ሌላ መንገድ ፈለገ፤ ተጠቃሚዎቹን ራሳቸውን ከፋፈላቸው። እነዚህ በዚህ ዳታቤዝ፣ እነዚያ በዚያኛው፤ ማእከላዊው ዳታቤዝ የሚያውቀው ማን የት እንዳለ ብቻ ሆነ። አሁን የአንዱ ክፍል ጽሕፈት ሌላውን አይነካም፤ አንዱ ክፍል ቢወድቅም የሌላው ሰው ሥራው አይቆምም።

ይህም ሆኖ አንድ ነገር አልተመቸውም። ዳታቤዙ አንድ ጊዜ የመለሰውን መልስ ለሚቀጥለው ጠያቂ እንደገና ከዲስክ ይፈልጋል። በየማሽኑ ደግሞ ሥራ የፈታ ሜሞሪ አለ። በ2003 ያን ሜሞሪ አሰባስቦ፣ መልሱን እዚያ ይዞ የሚያቆይ ሜምካሽድ የተባለ ፕሮግራም ሠራና ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ ለቀቀው። ፌስቡክም፣ ዊኪፔዲያም፣ ዩቲዩብም ከጊዜ በኋላ ይህንኑ ይዘው ነው የከበደውን ጭነት የተሸከሙት።

ሌሊቱን እዚህ ላይ አቆምንና ተኛን። በማግሥቱ ግን ከቤት ወጥተን ቀሐን ተከትለን ስንሄድ፣ ወንዙ ያው የበጋ ቀሐ ነው፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተንጠባጠበ የሚሄድ ቀጭን ውኃ፤ ልጁ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የሚወስደውን ቦይ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ትናንት የነገርኩህ ይኸው ነው» አለኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በጥር 11 ንጋት ያ ሁሉ ሕዝብ ከዚች ቀጭን ወንዝ ልቅዳ ቢል አንዱም አይደርሰውም፣ ወንዙም ይደፈርሳል። ስለዚህ አስቀድሞ፣ በዓሉ ገና ሳይደርስ፣ ውኃው በቦይ እየተመራ ቀስ በቀስ ባሕሩን ይሞላል፤ በዕለቱ ሕዝቡ የሚረጨውም፣ ወጣቱ ዘሎ የሚገባበትም የተጠራቀመው ውኃ ነው። ወንዙን የሚያስቸግረው የለም። ውጤትም እንዲሁ ነው፤ ሚኒስትሩ ከመናገራቸው በፊት በነበሩት ሰዓታት እያንዳንዱ መልስ ከዳታቤዙ ወጥቶ በሜሞሪ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል፤ ሕዝቡ ሲመጣ ዳታቤዙን ማንም አይነካውም።

አስቀድሞ የሚለውን ቃል ግን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ጁን 25 ቀን 2009 ማይክል ጃክሰን ሞተ፤ ዓለሙ ሁሉ ወደ ዊኪፔዲያ ጎረፈ። ዊኪፔዲያ የተዘጋጀ ገጽ በካሽ፣ ማለትም መልስን ይዞ በሚያቆይ ማከማቻ፣ አኑሮ የሚያቀርብ ድረ ገጽ ነበረ፤ ጽሑፉ ግን በየደቂቃው ይስተካከል ነበርና በተስተካከለ ቁጥር የተቀመጠው ገጽ ይጣላል። በተጣለባት ቅጽበት የሚመጡት ሁሉ ባዶ ያገኙታል፤ ከዚያም በርካታ ማሽኖች ያንኑ አንድ ገጽ በአንድ ጊዜ እንደ አዲስ ለማዘጋጀት ይሯሯጣሉ። በዚህ የተነሣ ድረ ገጹ ተንገዳገደ። ባለሙያዎቹም ከዚያ ወዲህ አንዱ ብቻ እንዲያዘጋጅ፣ ሌሎቹ እንዲጠብቁ ወይም የቆየውን ቅጂ እንዲያሳዩ የሚያደርግ ሥርዓት አበጁ። ውጤት ሊወጣ ሲል ካሹ ባዶ ሆኖ ሕዝብ ከተለቀቀበት፣ የሚደርሰው ይኸው ነው።

ሀብታም አገር ስለሆነ ብቻም አይድንም። ኦክቶበር 1 ቀን 2013 የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መግዣ ድረ ገጹን ሲከፍት በመጀመሪያው ቀን ተመዝግበው የጨረሱት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከምክንያቶቹ አንዱ ዋጋውን ብቻ ማየት የፈለገውም ሰው ሁሉ መጀመሪያ አካውንት እንዲከፍት መገደዱ ነው። ለማንበብ የመጣውን ሰው እንዲጽፍ አስገደዱት፤ መጻፍ ደግሞ፣ ከብራድ ታሪክ እንደሰማችሁት፣ ከሁሉ የሚከብደው ጭነት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በቀጣዩ ዓመት፣ መስከረም 28 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ውጤት እንደገና ወጣ፤ ከ845 ሺህ በላይ ተፈትነው 27,267 አለፉ። ያኔ ግን እኛ ጋ ሌላ ነገር ነበር። ከነሐሴ መግቢያ ግድም ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበርና የቀሐ ልጅ ስክሪን ነክቶ ክቧ ስትዞር የማየት ዕድልም አልነበረውም። ዘመድ ያላት አዲስ አበባ ደወለች፣ ቁጥሯን በስልክ አስነገረች፤ ያም ዘመድ በእሷ ፈንታ ከፈተላት። ያን ዕለት የገባኝ ነገር አለ። ቀርፋፋ ሲስተም፣ ደጋግመህ ሞክር የሚል ሲስተም፣ ሁሉንም እኩል አይበድልም። አዲስ አበባ ቤቱ ዋይፋይ ያለው ልጅ ሃያ ጊዜ ቢነካ ምንም አይወጣበትም። ከቧሂት ማዶ የመጣችው ልጅ ግን ለእያንዳንዱ ሙከራ ከፓኬጇ ትከፍላለች፣ ባትሪዋ ያልቃል፣ መሽቶባት ታድራለች። ለዚህ ነው እኔ፣ ኮምፒውተር ያልተማርሁ ሰው፣ ይህን ነገር የባለሙያዎች ጉዳይ ነው ብዬ ልተወው ያልቻልሁት።

ደግሞም ሥራው ከባድ የሚባል ዓይነት አይደለም። የወንድሜ ልጅ ወረቀት አውጥቶ አሰላልኝ። የአንድ ልጅ ስም፣ ቁጥር፣ ትምህርት ቤት፣ የየትምህርቱ ውጤትና ድምሩ ቢደመር 500 ባይት አይሞላም እንበል፤ በ896,520 ሲባዛ 450 ሜጋባይት ግድም ነው። የአገሩ ልጆች ሁሉ ውጤት በልጅቱ እጅ ባለው ስልክ ሜሞሪ ውስጥ ይገባል ማለት ነው! ውጤት ደግሞ ከወጣ በኋላ በየደቂቃው አይለወጥም። የሚጻፍ የለም ማለት ይቻላል፣ የሚነበብ ነው። ብራድን ያስጨነቀው የጽሕፈት ጣጣ እዚህ የለም፤ ቅጂ ቢበዛ ይረዳል፣ ካሽ ቢሞላ ይበቃል። ገጹም ፎቶና ማስጌጫ ተነሥቶለት ጽሑፍ ብቻ ቢሆን የጃናሞራ ኔትወርክም ይሸከመዋል።

በሁለት ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል አለኝ። አንደኛው የልጁ ምሥጢር ነው፤ ቁጥሮቹ ተከታታይ ስለሆኑ ማንም ቀጥሎ ያለውን ቁጥር መትቶ የጎረቤቱን ልጅ ውጤት እንዳያይ፣ ቁጥሩ ከስሙ ጋር መጠየቅ አለበት። ሁለተኛው ቅሬታ ነው። ቅሬታ አቅርቦ ውጤቱ የተስተካከለለት ልጅ ቢኖር፣ ዳታቤዙ ውስጥ ተስተካክሎ ካሹ ውስጥ የድሮው ከቀረ፣ ያ ልጅ የተሳሳተውን ቁጥር እያየ ያለቅሳል። ስለዚህ በተስተካከለ ቁጥር የዚያ ልጅ መልስ ብቻ ተነሥቶ በአዲሱ መተካት አለበት። ፍጥነት ተብሎ እውነት አይለቀቅም።

«ታዲያ ይህን ካወቃችሁ ምን ቀራችሁ?» አልሁት። «ልምምድ ነው የሚቀረው» አለኝ። ውጤቱ ከመውጣቱ ከሳምንታት በፊት፣ ሐሰተኛ ጥያቄ የሚልኩ ማሽኖች ተደርድረው፣ በሰከንድ አንድ ሺህ፣ ከዚያም አሥር ሺህ፣ ከዚያም እስኪወድቅ ድረስ እየላኩ፣ የቱ ጋ ቀድሞ እንደሚሰበር ማየት ነው። የተሰበረውን ጠግኖ እንደገና መስበር ነው። ይህ ሥራ ከማሽን ይልቅ ጊዜና ትዕግሥት ይፈልጋል፤ የጎንደርም የባሕር ዳርም የኮምፒውተር ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ሊወስዱት የሚችሉት ነው።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ2016 ዓ.ም. ፈተናው ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኮምፒውተር ተሰጠ፤ ከዚያም በኋላ ቀጠለ። ይኼኛው ንባብ አይደለም፤ ልጁ መልስ በመረጠ ቁጥር ይጻፋል፣ የተጻፈው ደግሞ መጥፋት የለበትም። በካሽ አይፈታም፣ ቅጂ ማብዛትም አይረዳውም። የወንድሜን ልጅ ስለዚህ ስጠይቀው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና ያንን የብራድን ክፍፍል አነሣልኝ። እያንዳንዱ የፈተና ጣቢያ የራሱ ሰርቨር ይኑረው፤ የልጁ መልስ መጀመሪያ ፊቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ፣ ቀጥሎ በጣቢያው ሰርቨር ላይ ይጻፍ፤ ወደ ማእከሉ የሚላከው ኔትወርክ በተገኘ ሰዓት ይሁን። መብራት ቢጠፋ፣ መስመር ቢቋረጥ፣ የደባርቅ ጣቢያ የጎንደርን ሳይጠብቅ ፈተናውን ያስጨርስ፤ መብራት ሲመለስም ልጁ ካቆመበት ጥያቄ ይቀጥል።